ጥንስስ፦ የቤት ጠላ ጠመቃ ሙያና ታሪኩ በምዕራብ ጎጃም

የአንድ ኅብረተሰብ ታሪክ ተጽፎ የሚገኘው በብራና መጻሕፍትና በድንጋይ ሐውልቶች ላይ ብቻ አይደለም። ሰፊው ሕዝብ ለዘመናት ሲገለገልበት የኖረው ዕቃ፣ ሲመገበውና ሲጠጣው የኖረው የጉልበቱ ፍሬ፣ ለዚህም ሁሉ ያወጣው ስም የታሪክ ማኅደር ነው። ይሁን እንጂ የጦር ሜዳ ውሎ ሲመዘገብ ስንቁን ያሰናዳችው፣ የግብር አዳራሽ ድምቀት ሲተረክ በዋንጫው የተቀዳውን ጠላ የጠመቀችው ሴት ብዙ ጊዜ አትጠቀስም። በምዕራብ ጎጃም ገጠርና በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች እስከ ዛሬ የዘለቀው የቤት ጠላ ጠመቃ በዚህ ዝምታ ውስጥ ከኖሩት ሙያዎች አንዱ ነው።

ቋንቋው ግን ሙያውን አልረሳውም። አማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር መጀመሩን ሲገልጽ «ተጠነሰሰ» ይላል። ሐሳብ ይጠነሰሳል፤ ማኅበር ይጠነሰሳል፤ ሴራም ቢሆን ይጠነሰሳል። ከመሬት ሆድ የሚወጣው ያልተጣራ ነዳጅ በጋዜጣውም በራዲዮውም «ድፍድፍ» ይባላል። በማለዳ የምትቀመስ ትንሽ ነገር «አፍ ማሟሻ» ናት። ጥንስስ፣ ድፍድፍና ማሟሸት ሦስቱም በጓዳ ውስጥ በጋን ዙሪያ የሚሠሩ ሥራዎች ስሞች ናቸው። ሚኒስትሩ፣ መሐንዲሱና ደራሲው በየዕለቱ የሚጠቀሙበት ቃል የጠላ ጠማቂዋ ቃል መሆኑን ማስተዋል፣ የሙያውን ስፋት ለመገንዘብ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

አገሩና እህሉ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀንና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደምበጫንና ጅጋን አልፎ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ፍኖተ ሰላም ይገባል። ከዚያም በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ ይደርሳል። ማንኩሳ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ምክንያት ስሟን የማያውቅ አንባቢ የሌለ የገጠር ከተማ ናት። ቡሬ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ፣ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት በመሆኗ የነጋዴና የመንገደኛ መገናኛ ሆና ኖራለች።

የአካባቢው ጠላ ከአገሩ አቀማመጥ ጋር የተሳሰረ ነው። የግልገል ዓባይ ምንጭ በሚገኝበት በሰከላ፣ በቋሪትና በደጋ ዳሞት ከፍታዎች ገብስ ይበቅላል፤ የደጋው ጠላም በአብዛኛው ከገብስ ነው። ወደ ጃቢ ጠህናን፣ ወደ ቡሬና ወደ ወንበርማ ሲወረድ በቆሎና ዳጉሳ ይተካሉ። ዳጉሳ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አገሮች ገበሬ ራሱ ከዱር አልምቶ ለዓለም ያበረከተው እህል ነው። በቆሎ በአንጻሩ ከአሜሪካ አህጉር ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ሲሆን፣ በተለይ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በተስፋፋበት ጊዜ የምዕራብ ጎጃምን ማሳ በብዛት ያዘ። ጠማቂዋ ለአዲሱ እህል አዲስ ሙያ አላወጣችም፤ በነባሩ ሥርዓት ውስጥ አስገባችው። እህሉ ቢለወጥም ጋኑ፣ ጌሾውና ብቅሉ አልተለወጡም።

ከእህል የሚጠመቅ መጠጥ በኢትዮጵያ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ የሚመሰክር የድንጋይ ጽሑፍ አለ። በአራተኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው የአክሱሙ ዒዛና የቤጃን ሰዎች ድል አድርጎ ወደ ሌላ ስፍራ ሲያሰፍራቸው በመንገድ ያበላቸውንና ያጠጣቸውን በጽሑፉ ዘርዝሯል። ከሥጋውና ከዳቦው ጋር ከእህል የተጠመቀ መጠጥም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። በግእዝ ስሙ ስዋ ነው፤ በትግርኛ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። በኦሮምኛ ፋርሶ፣ በአማርኛ ጠላ ይሁን እንጂ የሙያው ዝምድና ግልጽ ነው። ድንጋዩ ያሰፈረው ግን የአጠጪውን ንጉሥ ስም እንጂ የጠማቂዎቹን አይደለም።

የመጀመሪያው ዕቃ

ጠላ ለመጥመቅ የምትነሣ ጀማሪ አስቀድማ የሚያስፈልጋት ጋን ነው። ጋን ትልቅ፣ ሆደ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ የሸክላ ዕቃ ሲሆን በጓዳ ጥግ በአንድ ስፍራ ተደላድሎ ይቀመጣል። እንስራ ውሃ ይቀዳበታል፤ ገንቦና ማሰሮ ለመገልበጫና ለማቅረቢያ ያገለግላሉ። ማጥለያው ጠላውን ከአተላው ይለያል። ሙቀጫና ዘነዘና ጌሾውን ያደቃሉ፤ ምጣዱ ብቅሉን ያምሳል፣ ቂጣውን ይጋግራል። መጠጫው ጥንት ቅል ወይም የቀንድ ዋንጫ ነበረ፤ ኋላ ጣሳና ብርጭቆ ተተኩ።

አዲስ ጋን ከገበያ እንደ መጣ አይጠመቅበትም። ይሟሻል፤ ይኸውም ውስጡ እንዲጠና፣ የጭቃው ጣዕም እንዲለቅና ቀዳዳው እንዲደፈን ይዘጋጃል። ከዚያም በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፤ በወይራ ወይም በጥንጁት ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ለጠላው ተወዳጅ መዓዛ ከመስጠቱ በላይ በጋኑ ውስጥ ተደብቀው መጠጡን የሚያበላሹ ረቂቅ ሕዋሳትን ያዳክማል። ጀማሪዋ የእናቷን ቃል የምትፈትነው በዚህ ደረጃ ነው። ሳይታጠብና ሳይታጠን በቀረ ጋን የተጠነሰሰ ጠላ ሆምጥጦ ይገኛልና።

ጋኑን የምትሠራው ሴት ግን በጋኑ የሚጠጣው ኅብረተሰብ አክብሮት አልሰጣትም። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ከሩቅ ቆፍራ ትሸከማለች፤ ታቦካለች፤ ያለ መንኮራኩር በእጇ ብቻ ታቆመዋለች፤ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ትተኩሰዋለች። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ በገበያ ጥግ ተቀምጣ በርካሽ ትሸጣለች። በጎጃምም ሆነ በሌሎች ደጋማ አውራጃዎች ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎች «ቡዳ» እየተባሉ ሲሰደቡ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በጋብቻ ሳይተሳሰሩ፣ ብዙዎቹም መሬት ተነፍገው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብ ተከልክሎ ነበር። ዐዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ስድቡን ያበቀለውን የኑሮ ሥርዓት ግን ብቻውን አይነቅልም። ጥላቻው ከዐዋጁ በኋላም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቆየ።

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ትልቁ ሰው ያለ ትንሹ እንደማይቆም ለማስረዳት ይነገራል። ምሳሌውን የሚጠቅሰው ሽማግሌ ሁሉ ጋኑን ያቆመችውን እጅ አስቦ ቢሆን ኖሮ የምሳሌው ትርጉም በሸክላ ሠሪዋ ኑሮ ላይ በታየ ነበር።

ከብቅል እስከ ድፍድፍ

ብቅል ስሙ እንደሚያመለክተው የበቀለ እህል ነው። ብዙ ጊዜ ገብስ፣ አንዳንዴም ስንዴ ወይም ዳጉሳ በውሃ ተነክሮ ያድራል፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሲያጎነቁል በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም ይፈጫል። እህሉ ሲበቅል በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይፈጠራሉ። ጠማቂዋ ኢንዛይም የሚባል ቃል ባትሰማም ያልበቀለ እህል ብቻውን ጠላ እንደማይሆን፣ እጅግ ያደገ ቡቃያም ጉልበቱን እንደሚጨርስ ጠንቅቃ ታውቃለች።

ጌሾ በምዕራብ ጎጃም በየጓሮው የሚተከል ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ይበልጡን ለጠጅ ይውላል። በአውሮፓ ሆፕ የሚባለው ሐረግ አበባ ለቢራ የሚሰጠውን አገልግሎት ጌሾ ለጠላ ይሰጣል፤ ያመርራል፣ መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳል። ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች ብርሃኑ አበጋዝና ተከተል ከበደ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ከጌሾ ቅጠል መራራውን ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመውታል። የገበሬዋ ጓሮ ተክል ስም በዚህ አኳኋን ወደ ዓለም የሳይንስ መዝገብ ገብቷል።

ሥራው የሚጀመረው የተወቀጠውን ጌሾ በታጠነው ጋን ውስጥ በውሃ በመዘፍዘፍ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ የብቅሉ ዱቄትና ተቆራርሶ የገባ ቂጣ ይጨመርበታል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ጥንስሱ መፍላት ሲጀምር ትናንሽ አረፋዎች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጆሮ ወደ ጋኑ አፍ ሲቀርብም የሹክሹክታ ያህል ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ እንኩሮ ይዘጋጃል። በአንዳንድ ቦታ ደረቆት ይሉታል። ዱቄቱ ውሃ እየተረጨበት በምጣድ ላይ እየታመሰ የሚበስል ፍርፍር ነው። የጠላው መልክ ዳለቻ ወይም ጥቁር የሚሆነው በእህሉ ዓይነትና በቆሎው ልክ ነው። እንኩሮው ሲቀዘቅዝ ከጥንስሱ ጋር ይደባለቃል፤ ወፍራም ድፍድፍም ይሆናል። የጋኑ አፍ ተሸፍኖ በጭቃ ይመረጋል። ከቀናት በኋላ ውሃ ተሞልቶ እንደገና ይታፈናል፤ አተላው ሲዘቅጥ ጠላው ይጠራል።

ጀማሪዋ የምትሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። እንኩሮው ትኩስ እንዳለ ከተጨመረ እርሾው ይሞታል፤ ድፍድፉም ሳይፈላ ይቀራል። ምርጊቱ ከላላ አየር ይገባና ጠላው ይሆመጥጣል። ጌሾው ከበዛ ይመራል፤ ካነሰ ይለሰልስና ዕድሜው ያጥራል። ቸኩላ ከቀዳችው ጉሽ ነው፤ ሆድ ይነፋል። መለኪያዋ ጣሳ፣ እፍኝና ቁና ቢሆንም የመጨረሻ ዳኞቿ ዓይኗ፣ አፍንጫዋና ምላሷ ናቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከገበያ የሚገዛ እርሾ የለም። እርሾው በጌሾው ቅጠል፣ በብቅሉና በጋኑ ግድግዳ ላይ ይኖራል።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ያካሄደውን ጥናት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1876 ነበር። መፍላት የሕያዋን ረቂቅ ሕዋሳት ሥራ መሆኑን፣ ቢራም የሚበላሸው ባዕድ ሕዋሳት ሲገቡበት መሆኑን በዚያ አብራራ። በኢትዮጵያ ደግሞ ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት የጠላን መፍላት ደረጃ በደረጃ መርምረው እርሾና አሲድ አምራች ባክቴሪያዎች ያላቸውን ድርሻ አሳይተዋል። የጎጃም ሴቶች ጋን ማጠንና አፉን መመረግ የተማሩት ከእነዚህ መጻሕፍት አልነበረም። ሳይንሱ ያደረገው እነርሱ በልምድ የደረሱበትን ምክንያት ማስረዳት ነው። ይህም ልምዳቸው በዘመናት ሙከራ የተፈተነ ዕውቀት እንጂ የአጋጣሚ ውጤት አለመሆኑን ያረጋግጣል።

ከጋኑ የሚጣል ነገርም የለም። የመጀመሪያው ጠላ ለእንግዳና ለበዓል ከተቀዳ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል። ቅራሪው ለእረኛው፣ ለአራሹና ለቤተሰቡ ጥም መቁረጫ ነው። የቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል። በዚህ መንገድ አንድ ቁና እህል ሰውንም እንስሳንም ይደርሳል።

በግብርና በደቦ መካከል

ጠላ በቀድሞው ባላባታዊ ሥርዓት ሁለት ፊት ነበረው። አንደኛው የግብሩ ፊት ነው። በጎጃም ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ርስት ቢሆንም የጉልት ሥሪት በ1958 ዓ.ም. በሕግ እስኪሻር ድረስ ለባለ ጉልቱ ግብርና አገልግሎት ያስገባ ነበር። መኳንንት ሲያልፉ መስተንግዶው፣ በዓል ሲመጣ መብሉና መጠጡ ከገበሬው ጎተራ ይወጣል። ግብሩን ያስገባው ባል ተብሎ ቢመዘገብም ጌሾውን የወቀጠችው፣ ውሃውን በእንስራ ያመላለሰችው፣ እንጨቱን የለቀመችው ሚስት ነበረች። በአዳራሹ ውስጥም መጠጡ እንደ መደቡ ይለያያል። ጠጅ በብርሌ ለመኳንንቱ፣ ጠላ በዋንጫ ለወታደሩና ለተራው ሰው ይቀርብ ነበር። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሡት ከልማድ ውጭ በተጠየቁት መዋጮ ምክንያት መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ደራሲው የተወለዱበትን አገር ገበሬ ብሶት ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው ፊት የደቦው ነው። ደቦና ወንፈል ገበሬዎች ጉልበታቸውን አስተባብረው የሚያርሱበት፣ የሚያጭዱበትና ቤት የሚሠሩበት የመረዳጃ ልማድ ነው። የደቦ ጠሪ ግዴታ ለሠራተኛው ምግብና ጠላ ማቅረብ ነው። ጠላ የሌለበት ደቦ አይደምቅም፤ ሰውም አይበረክትበትም። ጓዳው ውስጥ ያለው ጋን ሳይሞላ ማሳው ላይ ያለው አዝመራ አይሰበሰብም ማለት ነው። ማኅበርና ሰንበቴም እንዲሁ ናቸው። ተራ የደረሰው ቤት ጽዋውን ያዘጋጃል፤ ጎረቤት ይታረቃል፣ ችግረኛው ይታሰባል፣ የመንደሩ ጉዳይ ይመከራል። በሰርግም በክርስትናም ጎረቤቶች ጌሾና ብቅል እየያዙ፣ ጋን እየተዋዋሱ ድግሱን ይደግሳሉ። ሙስሊም ጎረቤት ባለበት ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጀውና የማያሰክረው ቀሪቦ ለብቻው ይቀርባል።

ይህን በጎ ጎን ማውሳት ጉዳቱን ለመሸፈን ሊውል አይገባም። ለአንድ ተዝካር ወይም ሰርግ የዓመት ጉርሱን ጨርሶ ዕዳ ውስጥ የገባ ገበሬ ብዙ ነው። ስካር ያፈረሰው ትዳር፣ ያስነሣው ጠብም አለ። የድግሱ ወጪ ሲቆጠር ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ሳይቆጠር ይቀራል። ይኸውም የሴቲቱ ጉልበት ነው። እህሉ ዋጋ አለው፤ በጉ ዋጋ አለው፤ ለሳምንታት የዘለቀው የመውቀጥ፣ የማመስ፣ የመቅዳትና የማጥለል ድካም ግን እንደ ተፈጥሮ ግዴታ ታይቶ ከሒሳብ ውጭ ሆኖ ኖሯል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የባላባቱን ሥርዓት ከመሬቱ ላይ አንሥቷል። በጓዳ ውስጥ የነበረው የሥራ ክፍፍል ግን በዚያው ቀን አልተለወጠም።

ጣሳ የተደፋበት ደጅ

የሞተር መንገድ ሲዘረጋና የመንገድ ዳር ከተሞች ሲያድጉ ጠላ ከድግስነት ወደ ገበያ ዕቃነት ተሸጋገረ። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደምበጫ ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ ባለ ጉዳዩና የቀን ሠራተኛው ጥሙን የሚቆርጥበት ቤት አስፈለገው። ከደጁ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ የሚታይ ቤት ጠላ ቤት መሆኑን መንገደኛ ሁሉ ያውቃል፤ ሌላ ማስታወቂያ አያሻውም።

የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በልጅነት ተድረው ከትዳር የወጡ፣ ባል የሞተባቸው፣ ከርስት ክፍፍል ባዶ እጃቸውን የቀሩ ሴቶች ወደ ከተማ ሲመጡ ይዘውት የሚመጡት ሀብት ሙያቸውን ብቻ ነበር። ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ አንድ ጋን፣ በዱቤ የተገኘ እህል፣ ጥቂት ጌሾ፣ የተከራዩት ክፍልና አግዳሚ መቀመጫ ይበቃል። ከዚያች መነሻ ልጅ ያስተማረች፣ ቤት የሠራች፣ ዕድር የመሠረተች ሴት በየከተማው ትገኛለች። ደምበጫ በአረቄዋ ስሟ የታወቀ እንደ መሆኑ ከጠላው አልፈው አረቄ በማውጣት የተዳደሩም ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ ኅብረተሰቡ በጠላዋ እየተደሰተ ጠማቂዋን «ኮማሪ» እያለ ዝቅ አድርጎ ተመለከታት። ሸክላ ሠሪዋ በገጠር የደረሰባት በጠላ ሻጯ ላይ በከተማ ተደገመ። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው የሥራቸው ውጤት ተወዶ ራሳቸው መናቃቸው ነው።

የጋኑ ዘመንም እየተለወጠ ነው። የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን በብዙ ቤቶች የጋንን ቦታ ይዘዋል። በርሜሉ አይሰበርም፤ ለማንሣት ይቀላል፤ ለማጠብም አያስቸግርም። ነገር ግን እንደ ሸክላው ጭስ አይቀበልም፤ እንደ ሸክላውም ውሃን ወደ ውጭ እያላበ ጠላውን አያቀዘቅዝም። ስለዚህ በበርሜል የምትጠምቅ ሴት አሮጌውን ሙያ በአዲስ ዕቃ ላይ እንደገና መሞከር ግድ ሆኖባታል። ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ ለዘመናት የተሰደበችበትን ሥራ፣ ገና ሳትከበርበት፣ ገበያው እየተዘጋባት ነው።

ሣጥኑና ጋኑ

በሌላው ዓለም የሙያው ታሪክ የሄደበት መንገድ ለንጽጽር ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ከእህል የሚጠመቀውን መጠጥ በየቤቱ የሚጠምቁትና ትርፉን ለጎረቤት የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ገበያው ሲሰፋ፣ ሆፕ የገባበት ቢራ ረጅም ጊዜ መቆየት ሲጀምርና ብዙ ካፒታል ሲያስፈልግ፣ ሥራው በወንዶች ማኅበራትና በኋላም በፋብሪካዎች እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1880 የወጣው ሕግ በቤቱ የሚጠምቅ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደ። ይህ የፈቃድ ግዴታ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በአሜሪካም የቤት ቢራ ጠመቃን ከፌዴራል ግብር ነጻ ያደረገው ሕግ በፕሬዚዳንት ካርተር የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር።

ከዚያ ወዲህ በእነዚያ አገሮች ለጀማሪ የተሰናዳ የቤት ጠመቃ ዕቃ በሣጥን ይሸጣል። በሣጥኑ ውስጥ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ፣ በቆርቆሮ የታሸገ የብቅል ጭማቂ፣ በትንሽ ከረጢት የተዘጋጀ እርሾ፣ የመጠጡን ጥንካሬ መለኪያና የመመሪያ ወረቀት ይገኛሉ። መመሪያው አጥብቆ የሚያሳስበው ዕቃውን ማጽዳትን፣ ትኩስ ነገር ላይ እርሾ አለመጨመርንና አየር እንዳይገባ መክደንን ነው። የማንኩሳ እናት ለልጇ የምትነግራት ምክርም ይኸው ነው። ልዩነቱ በዚያ ሙያው ከቤት ከወጣ በኋላ በወረቀትና በሣጥን ተመልሶ ሲመጣ፣ በምዕራብ ጎጃም ግን ከቤት ወጥቶ አለማወቁ ነው።

ሆኖም ይህ ለዘለዓለም የተረጋገጠ አይደለም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ በ1992 ዓ.ም. ዳሽን በጎንደር ሥራ ሲጀምር የፋብሪካ ቢራ ለሰሜን ምዕራቡ አገር ይበልጥ ቀረበ። ዛሬ በከተማ ሰርግ የቢራ ሣጥን ከጠላ እንስራ ጎን፣ አንዳንዴም በእንስራው ፋንታ ይቆማል። ፋብሪካው የሥራ ዕድል ከፍቷል፤ ለገብስ አምራቹም ገበያ ሰጥቷል። ሆኖም ጠመቃ በፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ደመወዝና ማዕረግ ያለው ሙያ፣ በጓዳ ውስጥ ሲሠራ ግን የሴት ተራ ሥራ ሆኖ መታየቱ የእንግሊዝ ሴቶች ታሪክ በሌላ መልክ እንዳይደገም ያሰጋል።

ሙያ በልብ ነው

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። አባባሉ ያወቀ ሰው ዕውቀቱን ሳያወራ በሥራው እንዲያሳይ የሚመክር ነው። ለጠላ ጠማቂዋም በትክክል ይስማማል፤ መጽሐፍ የላትም፤ ሚዛን የላትም፤ የምታውቀው ግን ብዙ ነው። የቤት ውስጥ ጥበብን በጠቅላላ «ባልትና» ብሎ የሰየመ፣ የተካነችውንም ሴት «ባለሙያ» ብሎ የጠራ ሕዝብ ዕውቀት መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ዛሬ ሐኪሙና መሐንዲሱ የሚጠሩበት «ባለሙያ» የሚለው ማዕረግ በጓዳም ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። በልብ ያለ ሙያ ግን ባለቤቱ ስትሞት አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ጉዳዩ ለአንባቢና ለተመራማሪ ብቻ የሚተው አይደለም። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ትምህርት ቤቶች የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት መምህር መፍላትን ሲያስተምር ከተማሪዎቹ ቤት ጋን የተሻለ ምሳሌ ከየትም አያገኝም። የባህል ሠራተኛው የሸክላ ሠሪዎችንና የጠማቂዎችን ቃል ስማቸውን ጠቅሶ በድምፅና በጽሑፍ ሊመዘግብ ይገባዋል። ከደጋ ዳሞት ገብስ እስከ ወንበርማ በቆሎ ያለው የአሠራር ልዩነት ገና በቅጡ ሊጠና የሚገባው ነው። የአስተዳደር ኃላፊውም ሸክላ ሠሪዎች ጭቃ የሚያወጡበትን መሬትና የሚሸጡበትን የገበያ ቦታ ማስጠበቅ ይችላል።

ለኪነ ጥበብ ሰውም የሚቀር ሥራ አለ። እንስራ ያዘለች ኮረዳ በሥዕል ሸራ፣ በመጽሐፍ ሽፋንና በግድግዳ ጌጥ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ተሣለች ቆጥሮ የሚዘልቀው የለም። በአብዛኞቹ ሥዕሎች ላይ እንስራው ውበት እንጂ ሸክም አይደለም። የወገቡ ሕመም፣ የገመዱ ሰንበር፣ የአቀበቱ ርዝመት አይታዩም፤ እንስራውን የሠራችው ሴትማ ፈጽሞ በሥዕሉ ውስጥ የለችም። ጠላን የሚያወድስ ዘፈን ሞልቷል፤ የጠማቂዋን የሌሊት ድካም የሚናገር ግን ጥቂት ነው። እውነተኛ የሕዝብ ኪነት ይህን ጉድለት ሊሞላ ይችላል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር አንዲት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ ስትጠነስስ አጠገቧ የሚቆም የመመሪያ ወረቀት የለም። ያላት ለዓመታት ውሃ እየቀዳች፣ ጌሾ እየወቀጠች፣ እሳት እየቆሰቆሰች በእናቷ ጎን ያየችው ነው። ጠላው ሲደርስ ጎረቤት ቀምሶ ይፈርዳል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ባለሙያ ተብላ ትጠራለች ወይም ገና ትማራለች። ጋኑን ካበጀችው ሸክላ ሠሪ፣ ሙያውን ካስተማረች እናት፣ እህሉን ካመረተ ገበሬ የተረከበችውን ይዛ የምትጀምረው ይህ ሥራ ከአገሪቱ ጥንታዊ ዕውቀቶች አንዱ ነውና፣ ከእንግዲህ ሲጻፍ የሠሪዎቹም ስም አብሮ ሊጻፍ ይገባል።